ሁሉም ዲባባ እህትማማች አይደሉም፦ በአባት ስም የምንሠራቸው ስህተቶች

ነሐሴ 2015 ቤጂንግ ላይ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የሩጫ ታሪክ በእነሱ ካላንደር ስለሚመዘገብ።) ገንዘቤ ዲባባ 1500 ሜትሩን አሸነፈች። ከቀናት በኋላ ማሬ ዲባባ ማራቶኑን በ1 ሰከንድ ብልጫ ወሰደች። ማታ ውድድሩን ደግመው ሲያሳዩ አንድ ማኪያቶ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። አጠገቤ የነበረ ሰውዬ ራሱን እየነቀነቀ፣ «እኚህ አቶ ዲባባ ግን ስንት ልጅ ነው የወለዱት?» አለ።

ቤቱ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ክርክር ተነሳ። አራት ያለ አለ፤ አምስት ያለ አለ። አንዱ እንዲያውም ማሬ የመጨረሻዋ ልጅ ናት ብሎ ማለ።

የገረመኝ ይሄ ነው። የአባት ስም የቤተሰብ ስም አለመሆኑን የማያውቅ ሀበሻ የለም። ሰፈራችን ውስጥ አምስት ተስፋዬ ቢኖር የአምስቱ ልጆች ዘመዳሞች ናቸው የሚል ሰው አይገኝም። ሰዎቹ ዝነኛ ሲሆኑ ግን የራሳችንን ደንብ እንረሳለን። ፈረንጅ «ዲባባ ቤተሰብ» ብሎ ሲጽፍ እያነበብን፣ እኛም በፈረንጅ ዓይን ማየት እንጀምራለን። በተለይ አሁን፣ ሁሉም ሰው ስለ ታዋቂ ሰዎች በሚጽፍበትና በሚለጥፍበት ጊዜ፣ ስህተቱ በዝቷል። የማያቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

ስማቸው አንድ ከሆነ ቤታቸውም አንድ ነው ማለት

ከዲባባ እንጀምር። እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ የአርሲ በቆጂ ልጆች። ሦስቱም የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አላቸው። እጅጋየሁ በ2004 አቴንስ ላይ በ10,000 ሜትር ብር አገኘች። ጥሩነሽ በ2008 ቤጂንግ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም አሸንፋ፣ በ2012 ለንደን ላይ 10,000ውን ደገመችው። ገንዘቤ በ2016 ሪዮ ላይ በ1500 ብር ወሰደች። እስከዚህ ድረስ «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ልክ ነው።

ማሬ ዲባባ ግን ሌላ ሰው ናት። የሱሉልታ ልጅ ናት። የአያቷ ስም ሁርሳ ነው። የእነ ጥሩነሽ አያት ደግሞ ቀነኒ። አለቀ፤ ክርክሩን ለመዝጋት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። በነገራችን ላይ ማሬ በወጣትነቷ ለአጭር ጊዜ ለአዘርባጃን ሮጣለች፤ ያን ጊዜ መዝገብ ላይ የሰፈረችው «ማሬ ኢብራሂሞቫ» ተብላ ነው። በዚያው ስም ብትቀጥል ኖሮ የዚያን ማታ ማኪያቶ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር።

«በቀለ» ደግሞ ከዲባባም ይብሳል። ስሙ የተለመደ ነው፤ ከዘር የበቀለ ተክል ያስታውሳል፤ አባቶች ይወዱታል። እስቲ ልዘርዝር። ቀነኒሳ በቀለና ታሪኩ በቀለ አሉ፤ ሯጮች ናቸው፤ ወንድማማች ናቸው። ዓለሚቱ በቀለ አለች፤ እሷም ሯጭ ናት፤ ለቱርክ ነው የሮጠችው፤ አያቷ ደግፋ ይባላል። የቀነኒሳ አያት በየቻ ነው። ሽመልስ በቀለ አለ፤ በ2013 ደቡብ አፍሪካ ለአፍሪካ ዋንጫ የሄደው የዋልያዎቹ አማካይ። ሂሩት በቀለ አለች፤ የፖሊስ ኦርኬስትራ ድምፃዊት። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ አሉ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር፤ በ2012 ከአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭን ሽልማት የተቀበሉ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ «በቀለዎች» ብሎ መደርደር ይቻላል። ጨዋታ ነው፣ ችግር የለውም። ችግሩ ከሥሩ «የዚህ ስመ ጥር ቤተሰብ አባላት» የሚል መስመር ሲገባ ነው። ከወንድማማቾቹ በስተቀር የሚያገናኛቸው ነገር አባቶቻቸው የተሰየሙበት ቃል ብቻ ነው።

ስለ ቃሉ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁሌ ደስ ይለኛል። «ቢቂላ» በኦሮምኛ እሱም ከመብቀል ነው የመጣው። ስለዚህ በቀለና ቢቂላ በትርጉም ቅርብ ናቸው፤ ማንም ግን ስማቸው አንድ ነው ብሎ አያስብም። አበበ ቢቂላ ሲባል አባቱ በቀለ፣ ልጁ አበበ ማለት ነው። ተክሉ ቀድሞ በቅሎ ከዚያ አበበ። ስም ያወጣለት ሰው ሆን ብሎ ያደረገው ይመስለኛል።

ስማቸው ከተለያየ አይዛመዱም ማለት

ይሄኛው የመጀመሪያው ስህተት ጀርባ ነው፤ ብዙ ሰው አያየውም።

አቴንስ 2004፣ የሴቶች 10,000 ሜትር። ወርቁን ቻይናዊቷ ሺንግ ሁይና ወሰደች። ብሩን እጅጋየሁ ዲባባ፣ ነሐሱን ደራርቱ ቱሉ። የውጭ ጋዜጣ ያነበበ ሰው ሁለት ኢትዮጵያውያን ሜዳሊያ አገኙ ብሎ ያልፋል። እውነቱ ግን ሁለቱ የአክስት ልጅ ናቸው። ደራርቱና እነ ጥሩነሽ ዘመዳሞች ናቸው፤ አባቶቻቸው ስለሚለያዩ ግን ዝምድናው ስማቸው ላይ አይታይም። አስቡት፤ ማሬና ጥሩነሽ አንድ ስም ይዘው ባዳ ናቸው፣ ደራርቱና እጅጋየሁ ሁለት ስም ይዘው አንድ ሜዳሊያ መድረክ ላይ የቆሙ ዘመዳሞች ናቸው።

በእናት አንድ የሆኑ ወንድምና እህትም እንዲሁ ናቸው። አንድ ማሕፀን፣ ሁለት የአባት ስም። የታዋቂ ሰው ታሪክ የምትጽፉ ከሆነ ዝምድናን ከስም አትፈልጉ። ወይ ራሱ ሰውየው ከተናገረው፣ ወይ ከቤተሰቡ፣ ወይ ቢያንስ ከአያት ስምና ከትውልድ ቦታ ፈልጉ። የትውልድ ቦታም ብቻውን አይበቃም። በቆጂን ያየ ያውቃል፤ ደራርቱ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ሁሉ ከዚያችው ከተማ ናቸው። በዚህ ስሌት ከተማዋ በሙሉ አንድ ቤት ልትሆን ነው።

«በቀለ አሸነፈ»

በአባት ስም ብቻ መጥራት። እኔን እንደዚህ የሚያናድደኝ የለም።

ለንደን 2012፣ የወንዶች 10,000 ሜትር። ሞ ፋራህ አንደኛ፣ ጋለን ራፕ ሁለተኛ፣ ታሪኩ በቀለ ሦስተኛ፣ ቀነኒሳ በቀለ አራተኛ። በወንድማማቾቹ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። አሁን «በቀለ ሜዳሊያ አገኘ» ብትሉ ልክ ናችሁ። «በቀለ ሜዳሊያ አመለጠው» ብትሉም ልክ ናችሁ። በውድድሩ ላይ ያልነበሩት አቶ በቀለ ብቻ ናቸው።

የወንድማማቾቹን ታሪክ ማደባለቅም ከዚሁ ይመጣል። በ2006 ሞስኮ ላይ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና 3,000 ሜትርን ያሸነፈው ቀነኒሳ ነው። በ2008 ቫሌንሺያ ላይ ያንኑ ርቀት ያሸነፈው ታሪኩ ነው። «በቀለ 2006፣ በቀለ 2008» ብሎ የጻፈ ሰው ለአንዱ ወንድም ሁለት ወርቅ ሰጠ፣ ሌላውን ባዶ እጁን ሸኘው።

የእንግሊዝኛው ልማድ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እነሱ ዘንድ የኋለኛው ስም ከአያት ቅድመ አያት የወረደ የቤት ስም ነው፤ ሰውየውን በእሱ መጥራት አክብሮት ነው። እኛ ዘንድ ተገላቢጦሽ ነው። ማዕረጉ ከራስ ስም ጋር ነው የሚሄደው። አቶ ሙሉጌታ፣ ዶክተር አብይ፣ ኮሎኔል ደራርቱ፣ ሻምበል አበበ። «አቶ በቀለ» ካልን ልጁን ሳይሆን አባትየውን ነው የጠራነው።

ከራሴ ልናገር። አባቴ ካረፈ ዓመታት ሆነው። ውጭ ሀገር ሳለሁ የከፈትኩት አንድ የባንክ ሒሳብ አለኝ። ባንኩ በየጊዜው ደብዳቤ ይልክልኛል። «ውድ አቶ» ብሎ የአባቴን ስም ይጽፋል፤ በእሱም ስም ብድር ያቀርብልኛል። ሁለት ጊዜ ደውዬ አስረዳሁ። ሁለቱም ጊዜ ልጅቷ በትሕትና ሰማችኝ፣ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ «አመሰግናለሁ አቶ...» ብላ እንደገና አባቴን ጠርታ ዘጋችው። እናቴ ደብዳቤውን ስታይ፣ «እሱ እንኳ በሕይወቱ ብድር አይወድም ነበር» አለች።

አበበ ቢቂላ ላይ የሆነው ደግሞ ፍርድ ቤት ደርሷል። ዓለም ሰውየውን «ቢቂላ» ብሎ ነው የሚያውቀው። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸንፎ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ በጫማ ደገመው፤ ክብሩ ግን በብዙ የውጭ መጻሕፍት የተጻፈው በአባቱ ስም ነው። ቪብራም የተባለው የጣልያን ኩባንያ ባዶ እግር የሚመስል ጫማ ሠርቶ «ቢቂላ» ብሎ ሸጠው። ልጆቹ በ2015 አሜሪካ ውስጥ ከሰሱ። እዚህ ላይ የእኛ ደንብ ምን እንደሚል ልብ በሉ። የልጆቹ የአባት ስም አበበ ነው፤ ቢቂላ ለእነሱ አያት ነው። ለውጭው ዓለም ግን አባታቸውን የሚወክለው ያ የአያታቸው ስም ነው፤ ስለዚህ የተከራከሩት ስለሱ ነበር።

አማርኛ ላይ ስንጽፍ መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ ላይ ሙሉ ስሙን፣ ከዚያ የራሱን ስም። ቀነኒሳ በቀለ፤ ቀጥሎ ቀነኒሳ። ከእንግሊዝኛ የምትተረጉሙ ደግሞ «በቀለ» የሚለውን ስታዩ ቆም በሉ። የስፖርት ዜናዎቻችን ውስጥ «ዲባባ በመጨረሻው ዙር አፈትልካ ወጣች» የሚል አረፍተ ነገር ሳነብ፣ ሴት ግሥ የወንድ ስም ላይ ተጋድሞ፣ ጆሮዬን ያመኛል።

የራስ ስምና የአባት ስም ማምታታት

አንድ ቃል በፊትም በኋላም ሊመጣ ይችላል። በስምጥ ሸለቆ መንገድ የሄደ ሁሉ በቀለ ሞላ ሆቴልን ያውቃል። እዚያ በቀለ የባለቤቱ የራሱ ስም ነው። ከእነ ቀነኒሳ ጋር በአንድ ዝርዝር ቢገባ አንደኛው ሰው በስሙ፣ ሌላው በአባቱ ገባ ማለት ነው።

መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ኃይለ ማርያም ደሳለኝም እንዲሁ። የመጀመሪያው ሰው አባት ኃይለ ማርያም ናቸው። ሁለተኛው ራሳቸው ኃይለ ማርያም ናቸው። የውጭ ሰው ሁለቱንም የሀገር መሪ ስለነበሩ «የኃይለ ማርያም ሥርወ መንግሥት» ብሎ ቢጠይቃችሁ አትሳቁበት፤ ስሙን በመሰለው መንገድ አንብቦት ነው። መንግሥቱ የሚለውም ብቻውን ማንንም አይለይም። በ1960ው የታኅሣሥ ግርግር የመሩት መንግሥቱ ንዋይ ናቸው። በ1962 ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫ ስትወስድ የተጫወተው መንግሥቱ ወርቁ ነው። ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ ናቸው። በአንድ ትውልድ አካባቢ አራት መንግሥቱ፣ አራት የተለያየ ዓለም።

ጥንድ ስምን መቁረጥ

«ኪንግ ሥላሴ» የሚል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ንጉሠ ነገሥቱ ሲነግሡ የወሰዱት ስም ኃይለ ሥላሴ ነው፤ የሥላሴ ኃይል ማለት። አንድ ስም ነው፤ በሁለት ቃል የተሠራ። ከፊቱ ያለውን ቆርጦ «ሥላሴ» ብሎ መጥራት ሰውየውን ሳይሆን ሥላሴን መጥራት ነው። ለእኛ ይሄ ስህተት ብቻ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ፊት ከተናገራችሁት ያማትባል። «ሥላሴ» የቤተሰብ ስም የመሰለው ሰው ደግሞ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የንጉሡ ዘመድ ያደርገዋል። አይደለም። ኃይሌ የአሰላ የገበሬ ልጅ ነው።

ንጉሡ ከመንገሣቸው በፊት ተፈሪ መኮንን ነበሩ፤ ራስ ተፈሪ። የራስታዎች ስም የመጣው ከዚያ ነው።

ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ወለተ፤ እነዚህ ሁሉ ጥንድ ይፈልጋሉ። ገብረ ማለት አገልጋይ ነው፤ የማን? ወልደ ማለት ልጅ ነው፤ የማን? ቆርጠው ሲተዉት ጥያቄው ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንዳንዴ ግን ቤተሰብ ራሱ ያሳጥረዋል። ወልዴ እንዲህ ነው የሚፈጠረው፤ የቁልምጫ አጠራር ነው። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ማራቶን አሸነፈ። ሚሊዮን ወልዴ በ2000 ሲድኒ ላይ 5,000 ሜትር አሸነፈ። በመካከላቸው 32 ዓመት አለ። አባትና ልጅ የመሰላቸው ሰዎች ገጥመውኛል፤ ስሌቱ ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም። አባትና ልጅ ቢሆኑ ኖሮማ የሚሊዮን ስም «ሚሊዮን ማሞ» ይሆን ነበር! የማሞ እውነተኛ ወንድም ደምሴ ወልዴ ነው፤ እሱም የማራቶን ሯጭ ነበር።

ይሄ ዘዴ ለሌላም ይጠቅማል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት የአባት ስም ካላቸው አባትና ልጅ የመሆን ዕድላቸው በጣም ጠባብ ነው። ቢበዛ ወንድምና እህት ናቸው። ፈረንጆቹ ዘንድ ግን አባትና ልጅ በአንድ ስም ነው የሚሄዱት። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ ስንት የተሳሳተ ዛፍ ግን በሱ ምክንያት ተስሏል።

ሦስተኛውን ስም የቤት ስም ማድረግ

የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴዎድሮስ አድሃኖም ገብረየሱስ ናቸው። አድሃኖም አባታቸው፣ ገብረየሱስ አያታቸው። አንዳንድ የውጭ ጋዜጦች «ዶክተር ገብረየሱስ» ይላሉ፤ ድርጅቱ ራሱ ግን «ዶክተር ቴዎድሮስ» ነው የሚለው። የኮቪድ ጊዜ ዜና ሲተላለፍ ይሄ መዘበራረቅ በየቀኑ ይሰማ ነበር። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩ ሰው ናቸው። በፈረንጅኛው ዝርዝር ከዶክተሩ ጎን ለጎን ሊወድቁ ይችላሉ፤ አንዱ በአባት፣ አንዱ በአያት ስም።

ዲያስፖራው ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ካናዳ ተወልዶ ያደገው ድምፃዊ ዘ ዊኬንድ አቤል መኮንን ተስፋዬ ነው። በእኛ ደንብ አቤል መኮንን ብንለው ይበቃል፤ ተስፋዬ አያቱ ነው። ቶሮንቶ ግን ተስፋዬ የቤት ስሙ ሆኗል። ነገ ልጅ ቢወልድ ልጁም ተስፋዬ ሊባል ይችላል። ስለዚህ እዚህ ጋ ደንቡን ማስገደድ ራሱ ስህተት ነው። «ተስፋዬ» ብሎ ራሱን የሚጠራ ሰው ተስፋዬ ነው። እኔ በምጽፍበት ጊዜ የምከተለው ይሄን ነው፤ ሀገር ቤት ላለ ሰው የሀገር ቤቱን፣ ውጭ ተወልዶ ላደገ ሰው የራሱን ምርጫ።

ሚስትን በባል ስም መጥራት

አጭር ነው። ሀገር ቤት ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም። ጥሩነሽ ዲባባ ስለሺ ስህንን አገባች፤ ጥሩነሽ ዲባባ ናት። እልፍነሽ ዓለሙና የሲድኒው የማራቶን ባለወርቅ ገዛኸኝ አበራ ባልና ሚስት ናቸው፤ ስማቸው ላይ ምንም ምልክት የለም። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ሊያስገባ ሞክሮ ነበር። ወረቀት ላይ ቀረ። ሕዝቡ የአባቱን ስም ይዞ ቀጠለ።

ባንዲራን ከስም ማንበብ

እስራኤል ሌላ ታሪክ ነው። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ብቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓጉዘዋል። ብዙዎቹ እዚያ ሲመዘገቡ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ጸና። ስለዚህ አንድ የኢትዮጵያ ስም እስራኤል ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ ይወረሳል፤ ሚስትም ትወስደዋለች።

ምሳሌው ተፈሪ ነው። ማሩ ተፈሪ በ2023 ቡዳፔስት ላይ ለእስራኤል በማራቶን የዓለም ሻምፒዮና ብር አገኘ። ሚስቱ ሰላማዊት እሷም ሯጭ ናት፤ ከጋብቻ በኋላ የምትሮጠው ሰላማዊት ተፈሪ ተብላ ነው። በ2015 ደግሞ፣ ያኔ ማሬ ባሸነፈችበት ቤጂንግ፣ ሰንበሬ ተፈሪ ለኢትዮጵያ በ5,000 ሜትር ብር ወስዳለች። ሦስት ተፈሪ። ለሰንበሬ የአባት ስም ነው፤ ለማሩ የቤተሰብ ስም፤ ለሰላማዊት የባል። ሁለቱ በእስራኤል፣ አንዷ በኢትዮጵያ ባንዲራ። በእንግሊዝኛው የውጤት ሰንጠረዥ ላይ ግን ሦስቱም አንድ ይመስላሉ።

ኤርትራም ስማችን የጋራ ነው። በ2004 ለሀገሩ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያስገኘው ዘርእሰናይ ታደሰ ኤርትራዊ ነው። ታደሰ የሚል ስም አይቶ «የእኛ ልጅ» ብሎ መጻፍ አስመራ ያለውን አንባቢ ያስቀይማል፤ ልክም ነው።

ፊደሉን አለማየት

እንግሊዝኛ የሚደብቀውን የእኛ ፊደል ያሳያል። ንጉሡ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ሯጩ ኃይሌ ነው። አንዱ «የእገሌ ኃይል»፣ ሌላው «ኃይሌ፣ ጉልበቴ» ማለት ነው። በላቲን ሁለቱም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማና ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያው እንደ ሯጩ ናቸው፤ አንዱ በራሳቸው፣ አንዱ በአባታቸው።

ጸጋዬና ጸጋይም እንዲሁ። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን እና በ2008 ቤጂንግ ላይ በማራቶን ነሐስ ያገኘው ጸጋዬ ከበደ አንድ ስም ነው ያላቸው። በ2023 የ5,000 ሜትርን ክብረ ወሰን ወደ 14:00.21 ያወረደችው ጉዳፍ ግን አባቷ ጸጋይ ናቸው፤ የትግርኛው አጠራር። ከላቲን ወደ አማርኛ ስትመልሱ «ጉዳፍ ጸጋዬ» ብላችሁ ካሳመራችሁት የሰው አባት ቀየራችሁ። ሌላው ደግሞ የእኛው ጣጣ ነው፦ ጸ ወይስ ፀ፣ ኃ ወይስ ሀ ወይስ ኀ። ስለ አንድ ሰው በአማርኛ ስትፈልጉ በአንዱ ፊደል ካጣችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በሌላው ሞክሩ። ያጣችሁት ሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ተቀምጧል።

የተሳሳተ መሳቢያ ውስጥ መፈለግ

የሀገር ቤት ቤተ መጻሕፍት ደራሲን በራሱ ስም ነው የሚደረድረው። «ኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካ» የተባለው ባለ አምስት ቅጽ ሥራም ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ነው የሚያስገባው። የውጭ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያለው ማውጫ ግን አንዳንዱ በአባት ነው። ጌታቸው ኃይሌን በጌ ፈልጋችሁ ካጣችኋቸው በኃ ሂዱ። ስትጠቅሱ ግን ወደ ጌ መልሷቸው።

ሁለት ስም ይበቃል ማለት

በመጨረሻ እኔ ራሴ የወደቅኩበት። እስካሁን «ሙሉ ስም ጻፉ» ስል ነበር። ሙሉ ስም ግን አንዳንዴ አይበቃም።

ብዙነሽ በቀለ የምትባል ድምፃዊት ነበረች። የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፅ፤ ያ ዘመን ወርቃማ የተባለው በእሷ ዓይነት ሰዎች ነው። በ1990 አረፈች። ሌላ ብዙነሽ በቀለ ደግሞ አለች፤ የረጅም ርቀት ሯጭ። በ2009 የዱባይ ማራቶንን አሸንፋለች። በስምም በአባት ስምም አንድ ናቸው።

አንድ ማታ እናቴ ቤት ነበርኩ። የድሮ ዘፈን አማራት። «እስቲ ብዙነሽን አውጣልኝ» አለችኝ። ስልኬ ላይ ስሟን ጻፍኩ፣ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ከፈትኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠኋት። የእንግሊዝ ጋዜጠኛ እየጮኸ፣ ሴቶች አስፋልት ላይ ይሮጣሉ። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ ትንሽ አየችው። «ኧረ እሷ እንዲህ አትሮጥም ነበር» አለች።